ፎቶ ያነሳ ሰው ስለ ሙዚቃውም ይጻፍ?

ክርክሩን ያስነሳው በቅርቡ ጅማ ውስጥ ሜዳ ላይ የተካሄደ የሙዚቃ ፌስቲቫል ነው። ብዙ ያስጨፈረውን የወጣቶች ባንድ ፎቶ ያነሳችውም፣ የገመገመችውም አንዲት ወጣት ነች። አንድ አንጋፋ የሙዚቃ ጸሐፊ ይህን ተቃወሙ፤ እሷም መለሰች።

አንጋፋው፦ ፎቶዎችሽ ግሩም ናቸው፤ በዚህ ክርክር የለኝም። ማሲንቆ ተጫዋቹ ወደ ሕዝቡ ያጎነበሰበትን ደጋግሜ አይቼዋለሁ። ጽሑፉ ላይ ስደርስ ግን ስለ ድምፃዊው ዝላይና ልብስ በሰፊው አነበብኩ፤ ስለ ቤዝ ጊታሩ አንድ ቃል የለም። መድረኩ ሥር ቆመሽ እንዴት ይኖራል? እዚያ የሚሰማው ድራሙና ተጫዋቾቹ ራሳቸውን እንዲሰሙ የተቀመጠላቸው ስፒከር፣ ሞኒተሩ ነው። ትልልቆቹ ስፒከሮች አንቺን አልፈው ወደ ሕዝቡ ነው የሚጮኹት። ሳውንድማኑ የድምፅ ማመጣጠኛውን፣ ሚክሰሩን ይዞ ሰው መሃል የሚቀመጠውም ሕዝቡ የሚሰማውን ለመስማት ነው። ገምጋሚም ቦታው እዚያ ነው።

ደግሞ ካሜራ ያዳላል። በ1/500 ሰከንድ ፎቶ የተያዘ እስክስታ ሁሌም ያምራል። አፉን ከፍቶ የተነሳ ድምፃዊ ከቅኝት ወጥቶ እንደሆነ ፎቶው አይነግርሽም። «ሞቅ ያለ ባንድ» ብለሽ የጻፍሽው ከጆሮሽ ይሁን ከስክሪንሽ እንዴት ልወቅ? ይህች እኮ ሙላቱ አስታጥቄን ያህል ሙዚቀኛ የተወለደባት ከተማ ናት። አንባቢዋ ዝግጅቱ ምን ይመስል እንደነበር ብቻ ሳይሆን ምን ይል እንደነበርም ሊነገረው ይገባል።

ወጣቷ፦ ጋሼ፣ ስለ ቤዙ ያልጻፍኩት ስላልሰማሁት አይደለም። መጀመሪያ ላይ ፊት ለፊት አነሳሁ፤ ከዚያ ወደ ኋላ ሄጄ ቡና ከሚያፈሉት ሴቶች አጠገብ ቆምኩ። እዚያ ቤዙ የሚጉረመረም ነገር ብቻ ነበር፤ የትኛውን ኖታ እንደሚመታ አይለይም። ጥፋቱ የልጁ ይሁን የሚክሰሩ ሳላውቅ በስሙ መጥፎ ነገር መጻፍ አልፈለግኩም።

አሁን ደግሞ ልጠይቅዎት። ዝናቡ ካባራ በኋላ ማሲንቆው ዝቅ እያለ፣ ከኪቦርዱ ጋር እየተጣላ መሄዱን ሰምተዋል?

አንጋፋው፦ ሰምቻለሁ። ልምምድ ያነሰው ልጅ ነው ብዬ አለፍኩት።

ወጣቷ፦ እኔ ደግሞ በረጅሙ ሌንስ አየሁት። በየዘፈኑ መሃል ጆሮውን ወደ ማሲንቆው አስጠግቶ መቃኛውን ያጠብቅ ነበር። ማሲንቆ በቆዳ የተሸፈነ ነው፤ የጅማ እርጥበት ሲነካው ቆዳው ይላላል፣ ድምፁም ይወርዳል። ኪቦርድ ግን ዝናብ ቅኝቱን አያወርደውም። አንድ ክር ብቻ ይዞ ከዚያ ጋር ሲታገል የነበረን ልጅ፣ ከሩቅ የሰማ ሰው «አልተለማመደም» ይለዋል።

ሌላም አለ። ወደ ማብቂያው የኦሮምኛው ዘፈን ሲፈጥን ሕዝቡ የድምፃዊው ሥራ መሰለው። ተከታታይ ፎቶዎቹን ይመልከቱ፤ ተጫዋቾቹ ሁሉ ዓይናቸውን የጣሉት ድራመሩ ላይ ነው። ባንዱን የሚመራው እሱ ነው። ይህን ጆሮ ብቻውን አያገኘውም።

አንጋፋው፦ የማሲንቆውን ነገር ለምን አልጻፍሽውም ታዲያ? እኔ የምፈልገው ግምገማ እሱ ነበር! የወጣው ጽሑፍ ላይ ያለው የድምፃዊው ጃኬት ነው። እኔ የምለው ይኸው ነው፤ ማታ ቤት ገብተሽ ፎቶ ስትመርጪ ጽሑፉም ያማሩትን ፎቶዎች ተከትሎ ይሄዳል። መቃኛ የሚያጠብቅ ልጅ ፎቶው አያምርም፣ ስለዚህ ከጽሑፉም ወጣ።

ወጣቷ፦ ፎቶውስ ያምራል፤ ጽሑፉን ረዘመ ብለው የቆረጡት አዘጋጆቹ ናቸው። ጃኬቱን ሳይቆርጡ የተዉትም እነሱ ናቸው።

አንጋፋው፦ እንግዲያው ውጭ አገር ብዙ ቦታ እንደሚደረገው ይሁን፦ ፎቶ አንሺ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ዘፈኖች ያለ ፍላሽ ያነሳል፣ ከዚያ ካሜራው ቦርሳ ውስጥ ይገባል። የቀረውን በጆሮሽ ስሚና ጻፊ። ያኔ አልቃወምም።

ወጣቷ፦ ሦስተኛው ዘፈን ሲያልቅ እኮ ገና ፀሐይ ነበር፣ ሕዝቡም አልሞላም። ባንዱ የጋለው 12 ሰዓት ተኩል ላይ ሲመሽ ነው፤ ማሲንቆውም የወረደው ከዚያ ወዲህ ነው። ካሜራዬን ቦርሳ ውስጥ ከትቼ ቢሆን ኖሮ እርስዎ ዛሬም ልጁን «አልተለማመደም» እያሉት ነበር።

አንጋፋው፦ እኔ ብያለሁ እንጂ አልጻፍኩም። የጻፍሽው አንቺ ነሽ፤ ያውም ስለ ጃኬት። የተቆረጠውን ላኪልኝና ላንብበው።