ካርታው ባዶ ሳለ ጥሯቸው

የአንድ አካባቢ ደን፣ ወንዝና ቅርስ እንዴት ይያዝ የሚል ዕቅድ ሲወጣ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው የሚሆነው። ባለሙያዎች ካርታውን ይሠራሉ። በጀቱ ይያዛል። ረቂቁ ሲያልቅ የነባሩ ሕዝብ ሽማግሌዎች ይጠሩና «አስተያየት ካላችሁ» ይባላሉ። ይሄን ማሳተፍ ማለት ይከብደኛል። ባለቀ ነገር ላይ ማስፈረም ነው።

አውስትራሊያን ልጥቀስ። እ.ኤ.አ. በ2020 ሪዮ ቲንቶ የተባለው የማዕድን ኩባንያ በምዕራብ አውስትራሊያ፣ ፒልባራ በሚባለው አካባቢ ውስጥ ጁካን ገደል ያሉትን ሁለት ዋሻዎች ለብረት ማዕድን ሲል በፈንጂ አፈረሰ። አንደኛው ውስጥ ሰው ከ46,000 ዓመት በፊት ጀምሮ እንደተጠለለ የሚያሳይ ማስረጃ ነበር። ከሰው ጸጉር የተጎነጎነ የመቀነት ቁራጭም ተገኝቷል፤ ዕድሜው 4,000 ዓመት ገደማ ነው፤ በዘረመል ሲመረመር ዛሬ በሕይወት ካሉት የቦታው ባለቤቶች ጋር ዘመድ ሆኖ ወጣ። የአያት ቅድመ አያት ጸጉር ማለት ነው። ኩባንያው ፈቃድ ያገኘው በ2013 ነው፤ እነዚህ ቅርሶች የተገኙበት ዋናው የጥናት ቁፋሮ የተካሄደው ደግሞ በ2014። አዲስ ነገር ተገኝቷልና ፈቃዱ እንደገና ይታይ ለማለት ሕጉ በር አልነበረውም። ፈቃዱ ከዕውቀቱ ቀደመ፤ የእኔም ቅሬታ እዚህ ላይ ነው።

በመሃል አውስትራሊያ ባለው ግዙፍ አለት፣ በኡሉሩ፣ ሌላ መንገድ ተሞክሯል። በ1985 መሬቱ ለነባሩ የአናንጉ ሕዝብ ተመለሰ። እነሱ ለመንግሥት ለ99 ዓመት አከራዩት፤ ፓርኩን በሚመራው ቦርድ ውስጥ ግን አብላጫው ወንበር የእነሱ ሆነ። ቱሪስት ቅዱሱ አለት ላይ እንዳይወጣ ለዓመታት ሲለምኑ ኖረው በ2017 ቦርዱ ወሰነ፣ በ2019 መውጣቱ ቆመ። ዘግይቷል፣ በጣም ዘግይቷል። ግን የወሰኑት እነሱ ናቸው።

ስለ እሳትም አንድ ነገር ልበል። በሰሜን አውስትራሊያ አርንሄም ላንድ የአገሩ ሰዎች ዝናቡ ባበቃ ሰሞን፣ ሣሩ ገና እርጥበት እያለው፣ ቁራሽ ቁራሹን ያቃጥላሉ። እሳቱ ዝቅ ብሎ ቀስ ይላል፣ እንስሳው ለመሸሽ ጊዜ ያገኛል፣ የዛፉ አናት አይነካም፣ ማታ ጤዛ ሲወርድ ብዙ ጊዜ በራሱ ይጠፋል። በዚህ መልክ ያልተቃጠለው መሬት በበጋው መጨረሻ ሲነድ ማቆሚያ የለውም። ታዲያ ቀኑን የሚነግራቸው ሣሩና ነፋሱ ነው። ቢሮ ተቀምጦ ቀን የሚቆርጥ ዕቅድ ይሄን ከየት ያመጣዋል?

ስለዚህ ሽማግሌዎቹ የመጀመሪያው ስብሰባ ላይ ይቀመጡ። «አይሆንም» ሲሉ አይሆንም ይሁን። ባለሙያው ለሥራው እንደሚከፈለው ለእነሱም ይከፈል። ደግሞ ለማንም የማይነገሩ ቦታዎች አሏቸው፤ እነሱን ካርታው ላይ ማስፈር አለማስፈሩን፣ መረጃውንም ማን እንደሚይዘው የሚወስኑት ራሳቸው ይሁኑ።