አሜን ያልኩበት ቀን

ወገኖቼ፣ ዛሬ ተቆጥቻለሁ። የተቆጣሁት በእናንተ ነው። በራሴም ነው፤ እሱን ትንሽ ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

ሐምሌ 23 ቀን 2016 ዓ.ም ማክሰኞ ነበር። በዋዜማው ሰኞ የምንዛሬ ተመን ለገበያ ተለቆ፣ ባንክ ቤት 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በአንድ ቀን ወደ 75 ተጠግቷል። እኔ ስድስት ዓመት ያጠራቀምኳትን ይዤ ሌሊቱን ስገላበጥ አደርኩ። ብሬ ባንክ ውስጥ እንደተቀመጠች የምትቀልጥ መሰለኝ። ሲነጋ ለማውቀው ደላላ ደወልኩ።

«አንዲት ዜሮ ሲጋል አለች፣ ቶሎ ና» አለኝ። ሲጋል ትንሽ የቻይና ኤሌክትሪክ መኪና ናት፤ ዜሮ ማለት ደግሞ ገና ያልተነዳች። የነዳጅ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ በዚያው ዓመት ስለተከለከለ፣ አዲስ መኪና ያማረው ሁሉ ኤሌክትሪክ ላይ ነው የሚረባረበው።

ሲኤምሲ አካባቢ ካለ መኪና መሸጫ ደረስኩ። መኪናዋ ጣሪያ ስር፣ ጥግ ላይ ቆማለች። አቧራ ለብሳለች። ኮፈኗ ላይ የሆነ ልጅ በጣቱ ልብ ስሎባታል። የመቀመጫዎቿ ላስቲክ ገና አልወለቀም። የፊት መስታወቷ ላይ ደግሞ በማርከር የተጻፈ ወረቀት በፕላስተር ተለጥፏል። «ተሸጧል» ይላል።

«ተሸጧል ይላል እኮ» አልኩት ሻጩን።

«ቅዳሜ ቀብድ የሰጠ ልጅ አለ። ግን በድሮው ዋጋ ነው። አንተ ስንት አለህ?»

ልጁ የተስማማው በ1 ሚሊዮን 900 ሺህ ብር ነው። 100 ሺህ ቀብድ ከፍሎ፣ ቀሪውን ለረቡዕ ተቃጥሯል። እኔ 2 ሚሊዮን 150 ሺህ አልኩ። ሻጩ ሁለቴ አላሰበም። ወረቀቱን በጥፍሩ ላጥ ላጥ አደረገው። ፕላስተሩ ግን አልወጣም ብሎ እዚያው መስታወቱ ላይ ቀረ።

መኪናዋ አገር ውስጥ የገባችው ግንቦት ላይ ነው። ይህንን የነገረኝ ደላላው ራሱ ነው። የተገዛችውም ቀረጧ የተከፈለውም በድሮው ዶላር ነው። የሰኞው መግለጫ በዚያች መኪና ላይ አንዲት ብሎን አልጨመረም።

ውሉን እየጻፍን ልጁ ከች አለ። ለካ እሱም እንደኔ እንቅልፍ አጥቶ አድሯል። ከቀጠሮው አንድ ቀን ቀድሞ ገንዘቡን ጨርሶ ሊከፍል ነው የመጣው። በሰው መኪና የሜትር ታክሲ የሚሠራ ልጅ ነው። እናቱን ይዟታል፤ የእቁቧን ብር ለልጇ የሰጠች እናት፣ መኪናዋን በዓይኗ ልታይ ነጠላዋን አጣፍታ መጥታለች።

ሻጩ «ወንድሜ፣ ገበያው ነው እንጂ እኔ አይደለሁም» አለው። ቁጭ ብሎ እንኳ አላናገረውም። 100 ሺውን እዚያው በሞባይል መለሰለት። የልጁ ስልክ ቲን አለች። ልጁ ምንም አልተናገረም፣ ስልኩን ብቻ ያያል። እናቱ መኪናዋን ዞር ዞር ብላ አየችና ወደኔ መጣች።

«አንተ ነህ የገዛሃት፣ የኔ ልጅ?»

«አዎ፣ እማማ።»

«ከክፉ ይጠብቅህ።»

«አሜን» አልኩ። ሰዎች፣ አሜን አልኩ እኮ!

የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ሲባል ያደግን ነን። አሁን ዶላር ስትነቃነቅ አብሮ የሚነቃነቅ ቃል ይዘን እንዞራለን። ምንዛሬውን የለወጠው መንግሥት ነው፤ እሺ። ወረቀቱን በጥፍሩ ያነሳው ማን ነው? ዋጋ አስበልጦ ያስነሳውስ? በዚያው ሳምንት የሰፈራችን ባለሱቅ የትናንትናውን ዘይት ከመደርደሪያ አውርዶ ጓዳ ከተተ። ሁላችንም «ገበያው ነው» አልን። ገበያው ማን ነው? አጎቱ የት ነው የሚኖረው?

ከዚያ በኋላ እኔ ያማረርኩትን ብትሰሙ። ደላላው 2 ፐርሰንቱን፣ 43 ሺህ ብር ወሰደ። የታርጋው አለ፣ የሦስተኛ ወገኑ አለ፣ ሙሉ ኢንሹራንሱ ደግሞ ለብቻው ራስ ምታት ነው። የሰፈር ኤሌክትሪሺያን ከቆጣሪው እስከ ግቢው በር ወፍራም ሽቦ ሳበልኝና፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ሽቦውን እያየሁ እሳደባለሁ። ለሰው ሁሉ «ይቺ መኪና አራቆተችኝ» እላለሁ። ከልጁ ዋጋ በላይ የከፈልኳት 250 ሺህ ብር ግን የሰው መኪና መቀሚያ መሆኗን ለማንም አልነገርኩም።

የባሰው በኋላ መጣ። ለአንድ ጠበቃ ጎረቤቴ ቡና ላይ ታሪኩን ነገርኩት፤ እንደ ጉብዝና አድርጌ። ስኒውን አስቀመጠና «ቀብዱን እጥፍ አድርጎ መለሰለት?» አለኝ። አልገባኝም። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ቁጥር 1885፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር ቀብድ ተቀባዩ ውሉን ካፈረሰ እጥፉን ይመልሳል ይላል። ስለዚህ ልጁ 200 ሺህ ነበር የሚገባው። አላወቀም። እናቱም አላወቀችም። እኔም አላወቅኩም፤ ባውቅም እዚያ ቀን አፌን የምከፍት አይመስለኝም።

እናንተ መኪና፣ ቤት፣ በግ፣ ምንም የምትሸጡ ሰዎች፣ ቀብድ ከተቀበላችሁ ዕቃው የሰው ነው። እናንተ ገዢዎች ደግሞ፣ «ተሸጧል» የሚል ወረቀት ስታዩ እለፉ። እባካችሁ እለፉ። ይህንን የምለው ያላለፍኩት ሰው ነኝ፤ አውቃለሁ፣ አያምርብኝም።

የልጁን ስልክ ደላላውን ስንት ጊዜ ለምኜ አገኘሁት። «ምን ያደርግልሃል?» እያለ ወር አመላለሰኝ። ሁለቴ ደወልኩ። መጀመሪያ አልተነሳም። በሁለተኛው «ሄሎ» ሲል እኔ ዘጋሁት። የቀረችውን 100 ሺህ ሻጩ ካልከፈለ በየወሩ ከደሞዜ ልቆርጥለት አስቤያለሁ፤ ስድብም ካለው ልቀበል። የፕላስተሩ ሙጫ አሁንም መስታወቱ ላይ አለ፣ ፀሐይ ስትመታው ይታያል። እሑድ ከቅዳሴ ሲወጡ ደግሜ እደውላለሁ። ምናልባት እናቱ ታነሳው ይሆናል።