ኢንተርኔት የሚገባው በቁፋሮ ነው

መንገድ ይሠራል፣ ይመረቃል። አስፋልቱ ገና ጥቁረቱ ሳይለቅ አንዱ መጥቶ ይቆፍረዋል፤ የውሃ ቧንቧ ሊቀብር ነው። እሱ ደፍኖ ሲሄድ ሌላው የኤሌክትሪክ ገመድ ይዞ ይመጣል። በዓመቱ ደግሞ የቴሌኮም ኩባንያው የኢንተርኔት መስመር የሆነውን ፋይበር ለመዘርጋት እዚያው ቦታ ላይ ቦይ ይከፍታል። ወይም ሒሳቡን ሠርቶ “ይህ ሰፈር አያዋጣም” ብሎ ይተወዋል።

ይህን ስናይ መንገዱ ተበላሸ፣ ገንዘብ ባከነ እንላለን። እውነት ነው። እኔ ግን ከዚያ የባሰ ነገር ይታየኛል። ብዙ አካባቢዎች ፈጣን ኢንተርኔት ያመለጣቸው እዚያ ቦይ ውስጥ ነው። አፈሩ ተከፍቶ ሳለ አንድ ባዶ የፕላስቲክ ቱቦ ቢቀበርበት ኖሮ፣ ከዓመታት በኋላም ቢሆን ፋይበሩ ያለ ቁፋሮ ይገባ ነበር።

ስለ ብሮድባንድ፣ ማለትም ስለ ፈጣን ኢንተርኔት፣ ሲወራ ጨዋታው ሁሉ ስለ ፍጥነት ነው። 4ጂ፣ 5ጂ፣ ሳተላይት። ገንዘቡ የሚሄደው ግን ወደ መሬት ነው። የአውሮፓ ኮሚሽን እንደሚለው ፈጣን ኔትወርክ ለመዘርጋት ከሚወጣው ወጪ እስከ 80 በመቶ የሚሆነው ለቁፋሮና ለመሳሰለው የግንባታ ሥራ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ይህን ወጪ ለመቀነስ በ2014 መመሪያ አውጥቷል፤ በ2024 ደግሞ ጠንከር ባለ ሕግ ተክቶታል። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፋይበሩ ራሱ እንደ ፀጉር የቀጠነ ብርጭቆ ነው። መረጃው በብርሃን ይጓዝበታል። አንዴ ከተቀበረ ለአሥርተ ዓመታት ያገለግላል። ፍጥነት መጨመር ሲፈለግ ጫፍና ጫፉ ላይ ያለው መሣሪያ ይቀየራል፤ መሬት ውስጥ ያለው መስመር እንዳለ ይቀጥላል። ውድ የሚሆነው መሬቱን ከፍቶ መዝጋቱ ነው።

ታዲያ በሚቀጥለው ዓመት የትኛው መንገድ እንደሚቆፈር የሚያውቀው ማን ነው? ዋና ከተማ ያለው ሚኒስቴር አያውቅም። የቴሌኮም ኩባንያው ዋና መሥሪያ ቤትም አያውቅም። የሚያውቁት የማዘጋጃ ቤቱ መንገድ ክፍል፣ የውሃ መሥሪያ ቤቱና የቁፋሮ ፈቃድ የሚሰጠው ቢሮ ናቸው። የኢንተርኔት እቅድ ከእነሱ ጠረጴዛ ይጀመር የምለው ለዚህ ነው። ብሔራዊ ስትራቴጂ መኖሩ ጥሩ ነው። ግን የአካባቢውን የቁፋሮ ፕሮግራም ካላወቀ ወረቀት ላይ ይቀራል።

የስዊድን ዋና ከተማ ስቶክሆልም ይህ ቀድሞ ገብቷታል። ከተማዋ በ1994 ስቶካብ የተባለ የራሷን ኩባንያ አቋቋመች። ስቶካብ ለነዋሪው ኢንተርኔት አይሸጥም። ፋይበር ዘርግቶ ለፈለገ ድርጅት ሁሉ ያከራያል። በሙያው ቋንቋ “ጨለማ ፋይበር” ይሉታል፤ ብርሃኑን የሚያበራበት ተከራዩ ነውና። የታሰበው እያንዳንዱ ኩባንያ ለየብቻው ጎዳናውን እየቆፈረ ከተማዋን እንዳያተራምስ ነበር። አዲስ የመጣ ትንሽ ድርጅትም ከትልቁ እኩል መስመር ያገኛል። ቦዩ የከተማው፣ ፉክክሩ የኩባንያዎቹ። እኔ በግሌ ከሁሉም የሚማርከኝ አሠራር ይህ ነው። ከተማ መንገድ ይሠራል እንጂ በመንገዱ ላይ የሚሄደውን መኪና ሁሉ አይነዳም።

በአሜሪካ ቴነሲ ግዛት ያለችው ቻተኑጋ በሌላ በር ገባች። ኢ.ፒ.ቢ. የተባለው የኤሌክትሪክ ድርጅት የከተማዋ ንብረት ነው። የመብራት መረቡን ሲያዘምን፣ መስመር ሲበጠስ ራሳቸው አውቀው ኃይሉን በሌላ በኩል የሚያዞሩ መሣሪያዎች አስገባ። መሣሪያዎቹ እርስ በርስ የሚነጋገሩበት ፋይበር ያስፈልጋቸው ነበር። በዚያው ፋይበር ድርጅቱ በ2010 በሚያገለግለው አካባቢ በሙሉ በሰከንድ 1 ጊጋቢት (1,000 ሜጋቢት) የሚደርስ ኢንተርኔት ማቅረብ ጀመረ። ከፌደራል መንግሥቱ ያገኘው 111 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሥራውን አፋጥኖለታል። ዋናው አቅሙ ግን ቀድሞም እጁ ላይ ነበር። ምሰሶው የራሱ ነው። መሰላሉን የሚወጣው ሠራተኛም የራሱ ነው። ደንበኛው በየቤቱ ተመዝግቧል።

ከዚያ በኋላ የመጣውን ሳስብ ግን ያንገበግበኛል። ከድርጅቱ የኤሌክትሪክ ክልል ትንሽ ወጣ ብለው የሚኖሩ ሰዎች “እኛስ?” ብለው ጠየቁ። የግዛቱ ሕግ ድርጅቱ ከክልሉ ውጭ ኢንተርኔት እንዳይሰጥ ይከለክላል። የፌደራሉ ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን በ2015 ክልከላውን ለማንሳት ወሰነ። በ2016 የይግባኝ ፍርድ ቤት ኮሚሽኑ ይህን የማድረግ ሥልጣን የለውም ብሎ ውሳኔውን ሻረው። መስመሩ አጠገባቸው ደርሶ ወረቀት አስቀረው። ለአካባቢ አስተዳደር “አቅዱ” ብሎ ኃላፊነት ሰጥቶ ሕጋዊ መብቱን መንፈግ ሰውን እጁን አስሮ ዋኝ እንደማለት ነው።

ወደ ገጠር ስንወጣ ሒሳቡ ይከብዳል። የዓለም አቀፉ ቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ለ2024 ባወጣው ግምት በዓለም 2.6 ቢሊዮን ሰው ኢንተርኔት አይጠቀምም ነበር። ከእነዚህ 1.8 ቢሊዮኑ የገጠር ነዋሪ ነበር። በከተማ ከ100 ሰው 83ቱ ሲጠቀም በገጠር 48ቱ ብቻ ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ቤቶቹ ይራራቃሉ፣ ለአንድ ደንበኛ የሚቆፈረው ሜትር ይረዝማል፣ ኩባንያው ወጪውን በምን ይመልስ?

ገጠር ግን ከተማ የሌላት አንድ ነገር አላት። እርሻ ውስጥ መቆፈር አስፋልት ከመስበር በጣም ይቀላል። በሰሜን እንግሊዝ፣ በላንካሸር ገጠር ያሉ ሰዎች ይህን ተጠቀሙበት። በ2011 ባርን ብለው የሚጠሩትን የማኅበረሰብ ድርጅት መሠረቱ። ነዋሪው አክሲዮን ገዛ። ገበሬዎቹ መስመሩ በመሬታቸው በነፃ እንዲያልፍ ፈቀዱ። በጎ ፈቃደኞች አካፋ ይዘው ወጡ፣ ትራክተር ያለው ትራክተሩን አመጣ። የዘረጉት መስመር በሰከንድ 1 ጊጋቢት ያወርዳል፤ ይሰቅላልም። ብዙ ከተሞች ያኔ ይህን አላገኙም ነበር።

ከዚህ ታሪክ ብዙ ሰው የሚያነሳው በጎ ፈቃደኝነቱን ነው። እኔ ግን ቅደም ተከተሉን ልብ በሉልኝ እላለሁ። መጀመሪያ ፈላጊው ተቆጠረ። ገንዘቡ ተዋጣ። ባለመሬቱ ፈረመ። ከዚያ ተቆፈረ።

ይህ ቅደም ተከተል ሲጓደል ምን እንደሚመጣ በአሜሪካ ዩታ ግዛት ያለችው የፕሮቮ ከተማ ታስተምራለች። ከተማዋ ተበድራ የራሷን የፋይበር ኔትወርክ ዘረጋች። ገቢው ወጪውን አልሸፈነም። በ2013 ኔትወርኩን ለጉግል በ1 ዶላር ሸጠች። ዕዳው ግን እዚያው ቀረ፣ ነዋሪው መክፈሉን ቀጠለ። “የአካባቢ መንግሥት በዚህ ሥራ አይግባ” የሚሉ ሰዎች ይህን ደጋግመው ያነሳሉ። ሥጋታቸው እውነተኛ ነው፣ ላጣጥለው አልፈልግም። ግን ፕሮቮ የምታስጠነቅቀው ደንበኛን ሳይቆጥሩ መበደርን ነው። ቦይ ሲከፈት ቱቦ መቅበር ያን ያህል ዕዳ አያመጣም። ቱቦው ለጊዜው ተከራይ ቢያጣ እንኳ መሬት ውስጥ ሆኖ ይጠብቃል።

መንደር ብቻውን የማይችለው ነገርም አለ። ፋይበሩ በየቤቱ ቢዘረጋ ከአገር አቋራጩ ዋና መስመር ጋር የሚያገናኘው ከሌለ ዋጋ የለውም። መካከለኛው መስመር የሚባለው እሱ ነው። አንድ መቶ ቤት ያለው መንደር ለዚህ መስመር ብቻውን አይከፍልም። ሃያ መንደር አብሮ ሲጠይቅ ግን ኩባንያው ተቀምጦ ያዳምጣል። መንደሮቹን አሰባስቦ መደራደር የክልል አስተዳደር ሥራ ነው።

ክልሉ ያሉትን ሀብቶችም አንድ ላይ ማየት ይችላል። ለምሳሌ ከፍተኛ ኃይል የሚያስተላልፉ የኤሌክትሪክ መስመሮች አናት ላይ መብረቅ የሚከላከል ገመድ አለ። ብዙ ጊዜ ይህ ገመድ በውስጡ ፋይበር ይይዛል። የኤሌክትሪክ ድርጅቱ ለራሱ ግንኙነት የሚፈልገው ጥቂቱን ክር ነው። የቀረውን ማከራየት ይቻላል። የባቡር ሐዲድ ዳርም እንዲሁ ነው። ከመቆፈር በፊት ያለውን መቁጠር ይቀድማል። መስመሩ ደግሞ እንደ ቀለበት ዞሮ ቢገጥም ይመረጣል። አንድ ነጠላ መስመር ብቻ ካለ አንድ ኤክስካቫተር አንድ ቀን ሲበጥሰው አካባቢው ሁሉ ጨለማ ይሆናል። ቀለበት ከሆነ መረጃው በሌላው በኩል ዞሮ ይደርሳል።

አሁን ወደ ካርታው ልምጣ፤ ብዙ ሰው ችላ የሚለው እሱን ነው። አሜሪካ ለረጅም ጊዜ የኢንተርኔት ሽፋኗን የምትቆጥረው ለሕዝብ ቆጠራ በተከፋፈለ ትንሽ አካባቢ፣ በቆጠራ ብሎክ፣ ነበር። በብሎኩ ውስጥ አንድ ቤት አገልግሎት ማግኘት ከቻለ ብሎኩ በሙሉ “ተሸፍኗል” ይባል ነበር። በገጠር አንድ ብሎክ እጅግ ሰፊ ሊሆን ይችላል። መንገድ ዳር ያለው ቤት ኢንተርኔት ስላለው ኮረብታው ጀርባ ያሉት ሁሉ እንዳላቸው ተቆጠሩ። በ2020 ይህን የሚያስተካክል ሕግ ወጣ፤ በ2022 መጨረሻ ቤት በቤት የሚያሳይ ካርታ ታተመ። ነዋሪውም የአካባቢ አስተዳደሩም “ይህ ስህተት ነው” ብሎ ማመልከት ይችላል።

ካርታው ከወረቀት በላይ ነበር። በ2021 የወጣው የመሠረተ ልማት ሕግ ለብሮድባንድ ከመደበው ገንዘብ ውስጥ 42.45 ቢሊዮን ዶላሩ ለየግዛቱ የተከፋፈለው በዋናነት አገልግሎት ያላገኙ ቤቶችን ቁጥር መሠረት አድርጎ ነው። ያልተቆጠረ ቤት ገንዘብ አያመጣም። ስለዚህ ሰፈሩን በእግር የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል። የትኛው ቤት አዲስ እንደተሠራ፣ የትኛው ሸለቆ ሲግናል እንደማይደርሰው የሚያውቀው እዚያው ያለ ሰው ነው።

ሲቆጠርም “ኔትወርክ አለ ወይ?” ብሎ መጠየቅ አይበቃም። ማታ ሁሉም ሰው ሲገባ ስንት ይደርሳል? ለመላክስ? አሜሪካ ከ2015 ጀምሮ ብሮድባንድ የምትለው በሰከንድ 25 ሜጋቢት ማውረድና 3 ሜጋቢት መላክ ነበር። በ2024 ወደ 100 እና 20 ከፍ አደረገችው። መላኩ ላይ የማተኩረው ያለ ነገር አይደለም። ኢንተርኔት ፊልም ማያ ብቻ ከሆነ ማውረድ ይበቃል። ክሊኒኩ የራጅ ምስል ለስፔሻሊስት ሲልክ፣ መምህሯ ከቤቷ በቪዲዮ ስታስተምር ግን የሚቆረጠው በመላኪያው በኩል ነው።

ትምህርት ቤቱና ክሊኒኩ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ ፕሮጀክት መስመሩን እዚያ አድርሶ ይዘጋል። ፋይበሩ በመንገዱ ላይ ስንት ቤት አልፎ ይሄዳል፤ የሚቀጠልበት ማንሆል ግን አልተተወለትም። በየመንገዱ ጥቂት ማንሆልና ትርፍ ክር መተው ሲዘረጋ ቀላል ነው። ከተደፈነ በኋላ እንደ አዲስ መቆፈር ነው።

ዋጋም አለ። መስመር ደጃፍ ድረስ ደርሶ ወርሃዊው ክፍያ ካልተቻለ ያው ነው። የተባበሩት መንግሥታት የብሮድባንድ ኮሚሽን ለ2025 ያስቀመጠው ግብ መነሻ ፓኬጁ ከአንድ ሰው አማካይ ወርሃዊ ገቢ 2 በመቶ እንዳይበልጥ ነበር። የአካባቢ አስተዳደር ቱቦውን ወይም ምሰሶውን ሲያከራይ እንዲህ ያለውን የዋጋ ጣሪያ ውሉ ላይ ማስገባት ይችላል። መደራደሪያው በእጁ ያለው ያኔ ነው።

“ሳተላይት መጥቶ የለ፣ ምን ቁፋሮ ያስፈልጋል?” የሚለኝ ሰው አይጠፋም። እውነት ነው፣ ነገሩ ተለውጧል። የድሮዎቹ ሳተላይቶች ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎሜትር ርቀው ስለሚገኙ ንግግሩ ይዘገይ ነበር። ከአዲሶቹ ብዙዎቹ በ500 ኪሎሜትር ገደማ ከፍታ ይዞራሉ። ከሁሉ ርቆ ተራራ ላይ ላለ ቤት ትልቅ እፎይታ ነው፤ በእቅዱም ቦታ ሊኖረው ይገባል። ነገር ግን የአንድ ሳተላይት አቅም ከሥሩ ላሉት ተጠቃሚዎች ሁሉ የሚከፋፈል ነው። ሰው በበዛበት ከተማ ፋይበርን አይተካም። የሞባይል ማማውም ቢሆን ብዙ ዳታ እንዲያስተናግድ ከሥሩ ፋይበር መግባት አለበት።

ስለዚህ ልመናዬ ትንሽ ነው። በዓመት አንድ ቀን መንገድ፣ ውሃ፣ መብራትና ቴሌኮም የሚቆፍሩበትን ዝርዝር ይዘው አንድ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጡ። ቁፋሮ ፈቃድ የሚሰጠው ቢሮ ሁሉም የሚያየው አንድ መዝገብ ይክፈት። ጎዳና ሲከፈት ባዶ ቱቦ መቅበር የፈቃዱ ግዴታ ይሁን። ቦዩ ከመደፈኑ በፊት ደግሞ አንድ ሰው ወርዶ ጥልቀቱን ይለካ፣ ፎቶ ያንሳ፣ ቦታውን በጂፒኤስ ይመዝግብ። ይህ ካልተደረገ ከአሥር ዓመት በኋላ ቱቦው የት እንዳለ የሚያውቅ አይኖርም፤ የሚያገኘው ሌላ ነገር ሊቀብር የመጣው ኤክስካቫተር ነው።