ማንኪያዋን አስቀመጠች

ይህን የምጽፈው ተናድጄ ነው። ንዴቱ የአንድ ቀን ብቻ አይደለም፤ ለዓመታት ሲጠራቀም ቆይቶ ባለፈው ቅዳሜ ገነፈለ። የሆነውን ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱ።

ስድስት ጓደኛሞች ነን። ከመካከላችን አንዷ የታመሙ እናቷን ስታስታምም አራት ወር ሙሉ ከቤት አልወጣችም። ስንደውልላት አንዳንዴ በወሬ መሐል እንቅልፍ ይወስዳታል። እናቷ ሻል ሲላቸውና እኅቷ መጥታ ስትተካት መጀመሪያ የጠየቀችን ነገር አንድ ቅዳሜ አብረናት እንድንውል ነው። «ተቀምጬ ሌላ ሰው ያቀረበውን ምግብ መብላት አማረኝ፤ በመጨረሻ ደግሞ ጣፋጭ ነገር» አለችን። ይኸው ነው የፈለገችው።

ለሁላችንም የሚመች ቀን ለማግኘት ሦስት ሳምንት ፈጀብን። አንዱ ሥራ ይገባል፣ ሌላዋ ልጇን የሚይዝላት ሰው አጣች፣ አንዱ ቀኑን ተሳስቶ ለሌላ ሰው ቃል ሰጠ። ትልቅ ሰው ከሆናችሁ በኋላ ስድስት ሰው በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ማስቀመጥ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ያም ሆኖ ተገናኘን። ምሳው ጥሩ ነበር፣ ጨዋታው ደመቀ፤ ያቺ ጓደኛችንም እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ሳህኖቹ ሲነሡ እሷ የቸኮሌት ኬክ አዘዘች፣ እኔ አይስክሬም፣ ሌሎቹም የየራሳቸውን።

ኬኩ ሲመጣ ወዲያው አልበላችውም። ሳህኑን አዙራ አየችው። ከዚያ የማንኪያውን ጫፍ ከላይ እስከ ታች አስገብታ ከእያንዳንዱ ድርብ ትንሽ ትንሽ እንዲደርሳት አድርጋ ቆረጠች። አፏ ውስጥ ካስገባች በኋላም አላኘከችም፤ ዐይኗን ጨፍና ጠበቀች። ቸኮሌትን የሚያውቅ ሰው እንዲህ ነው የሚበላው። የቸኮሌት ስብ የሚቀልጠው 34 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ላይ ነው፤ ከሰውነታችን ሙቀት ጥቂት ስለሚያንስ ለታገሠው ሰው ምላስ ላይ በራሱ ጊዜ ይፈታል። ትከሻዋ ዝቅ ሲል አየሁት። አራት ወር ሙሉ ወደ ጆሮዋ ተሰቅሎ የከረመ ትከሻ ነው።

«ይህ ቁራሽ እኮ ከአምስት መቶ ካሎሪ አያንስም» አለች አንዷ ከጠረጴዛው ማዶ። ቀጠለችና፣ ፈገግ እንዳለች፣ «ቤት መዋሉ ደግሞ ትንሽ ጨምሮብሻል፤ ተጠንቀቂ እንጂ» አለቻት።

ማንኪያዋን አስቀመጠች። አልተቆጣችም፣ አልመለሰችም። ሳህኑን በአንድ ጣቷ ጥቂት ወደ ፊት ገፋችና ሹራቧን ሆዷ ላይ ሳብ ሳብ አደረገች። ያቺ የእጅ እንቅስቃሴ ከዐይኔ አልጠፋ ብላለች። ሰው ከጓደኞቹ ፊት ገላውን ሲሸፍን ማየት ምን ያህል እንደሚያም ያን ቀን ነው ያወቅሁት።

ከዚያ በኋላ የመጣው ደግሞ የባሰ ነው። ሁሉም የእምነት ክህደት ቃሉን ሊሰጥ ተራ የያዘ ይመስል መናገር ጀመረ። «እኔም ዛሬ ብቻ ነው»፣ «ነገ ጠዋት እሮጥና አወጣዋለሁ»፣ «ከሰኞ ጀምሮ ስኳር የሚባል አልነካም»። ጣፋጭ ሊበላ የመጣ ሰው ሁሉ ተከሳሽ ሆነ። እኔም ዝም አልኩ። ያን ዝምታዬን ይቅር ልለው አልቻልኩም። አይስክሬሜ ፊቴ ቀለጠ። ከአይስክሬም መጠን እስከ ግማሽ የሚደርሰው አየር ነው፤ ለስላሳ የሚያደርገውም ያ አየር ነው። አንዴ ቀልጦ አየሩ ከወጣ በኋላ መልሳችሁ ብታቀዘቅዙት ጠጣር የበረዶ ግግር እንጂ የቀድሞው አይስክሬም አይሆንም። ጨዋታችንም እንደዚያው ሆነ፤ ልንመልሰው ሞከርን፣ አልተመለሰም። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ተበታተንን።

አሁን ወደ ብሶቴ ልግባ።

ከጓደኛ ጋር የሚበላን ጣፋጭ የፍርድ ሸንጎ ያደረገው ማን ነው? በየሳምንቱ መጨረሻ፣ በየጠረጴዛው፣ ያው አንድ ዓይነት ንግግር ነው። ምሳ ሲበላ ማንም ምንም አይልም። ስቡም፣ ጨውም፣ የተጠበሰውም በሰላም ያልፋል። ጣፋጩ ብቅ ሲል ግን አንድ ሰው ዳኛ ሆኖ ይሰየማል። «ይህን ሁሉ ልትበላው ነው?» «እኔ ብሆን አልነካውም።» «ኃጢአት እኮ ነው!» ኃጢአት! ዱቄት፣ እንቁላል፣ ቅቤ፣ ስኳርና ኮኮዋ ተደባልቆ ሲጋገር ኃጢአት የሚሆነው በየትኛው ሕግ ነው? ኃጢአት ሌላ ነው። የደከመ ሰው አንገቱን እንዲደፋ ማድረግ ለኃጢአት ይቀርባል።

ስለ ጤና ግድ የለውም እንዳትሉኝ። ግድ አለኝ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ ላይ ወደ ምግብ የሚጨመር ስኳር፣ እንዲሁም በማር፣ በሽሮፕና በፍራፍሬ ጭማቂ ውስጥ ያለው፣ በቀን ከምናገኘው ኃይል ከ10 በመቶ በታች እንዲሆን መክሯል። በቀን 2000 ካሎሪ ለሚበቃው ሰው ይህ 50 ግራም ገደማ ነው። ምክሩን አከብረዋለሁ፤ ቤቴ ውስጥ ሻይዬን ያለ ስኳር የምጠጣው ለዚህ ነው። ግን አስተውሉ፣ መመሪያው የሚናገረው ስለ ዕለት ተዕለት አመጋገብ ነው። በአራት ወር አንዴ ከጓደኞቿ ጋር ኬክ ስለቆረጠች ሴት የሚናገረው ነገር የለም። ያቺ ካሎሪ ቆጣሪ ጓደኛችን ደግሞ ከምሳ ጀምሮ ትልቅ ብርጭቆ የፍራፍሬ ጭማቂ እየደጋገመች ስትጠጣ ነበር። የጭማቂ ስኳር በዚያው መመሪያ ውስጥ ከኬኩ ስኳር ጋር እኩል እንደሚቆጠር ነግሬ ላሳፍራት እችል ነበር። አላደረግሁትም፤ ጠጥታ መደሰቷን ስለምፈልግ ነው። እሷም ለሌላው ይህን ያህል ብታስብ ምን ነበረበት?

ከሁሉ በላይ የሚያበሳጨኝ፣ ይህ ሁሉ ማሳቀቅ ለጤና ይጠቅማል ተብሎ መታሰቡ ነው። አይጠቅምም። እ.ኤ.አ. በ2014 ኒውዚላንድ ውስጥ ሁለት ተመራማሪዎች ሰዎችን ስለ ቸኮሌት ኬክ ሲያስቡ ቶሎ ወደ ልባቸው የሚመጣው ጥፋተኝነት ነው ወይስ ድግስ ብለው ጠይቀው ነበር። ጥፋተኝነት ያሉት ሰዎች ጤናማ ምግብ ለመብላት ከሌሎቹ የበለጠ ፍላጎት አላሳዩም። በአመጋገባቸው ላይ ያላቸው የመቆጣጠር ስሜት አነስተኛ ሆኖ ተገኘ፤ በዓመት ከመንፈቅ ጊዜ ውስጥም ክብደታቸውን ባለበት ማቆየት የተሻለ የሆነላቸው ድግስ ያሉት ናቸው። እንግዲህ ማፈር ቢያከሳ ኖሮ ስንቶቻችን በከሳን! ለጓደኛችሁ ጤና ካሰባችሁ ምግቡን በአፏ ውስጥ መራራ ማድረግ መንገዱ አይደለም። ለብቻዋ ደውሉላት፣ አብራችኋት በእግር ሂዱ፣ እናቷን ተራ ገብታችሁ አስታምሙላት፣ ሌሊት ትተኛ። አራት ወር ሙሉ ይህን ያደረገ ሰው በዚያ ጠረጴዛ ላይ አልነበረም፤ ካሎሪ የሚቆጥር ግን ነበረ። እኔንም ይጨምራል፣ ከመደወል በቀር ያደረግሁት የለም።

አብሮ መብላት ራሱ ኃይል እንዳለው ልባችን ያውቀዋል። ባልንጀራ የሚለው ቃላችን እንኳ ከማዕድ የተወለደ ነው። ሳይንስም ይህን ቀምሶ አይቶታል። እ.ኤ.አ. በ2014 የዬል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሁለት ሰዎችን ጎን ለጎን አስቀምጠው ቸኮሌት አስቀመሱ። እንዳይነጋገሩ ተደርጓል። ሁለቱም እኩል ሲቀምሱ፣ አንዱ ሲቀምስ ሌላው ሌላ ነገር ከሚያደርግበት ጊዜ ይልቅ ቸኮሌቱ ይበልጥ ጣፈጣቸው። ቃል ሳይለዋወጡ! አጠገባችሁ ያለው ሰው ያንኑ እየቀመሰ መሆኑን ማወቅ ብቻ ጣዕሙን ከፍ አደረገው። ያው ሙከራ ግን ሌላ ገጽ አለው፤ በጣም መራራ ቸኮሌት ሲሰጣቸው አብረው መቅመሳቸው መራራነቱን አባሰው። ይህን ሳነብ ያ ቅዳሜ ነው የታየኝ። አብረን ስንሆን ደስታውም ይገዝፋል፣ ምሬቱም ይገዝፋል። ቤቷ ሆና በስልክ «ወፍረሻል» ብትባል ምናልባት ስቃ ታልፈው ነበር። በአምስት ሰው ፊት፣ ከአራት ወር በኋላ፣ የመጀመሪያው ጉርሻ አፏ ውስጥ እያለ ግን አልቻለችም።

«እንዴት ከዚህ ሁሉ ምሳ በኋላ ኬክ ይገባላችኋል?» የሚሉም አሉ፤ ይህንንም እንደ ስድብ ይወረውሩታል። ከሆዳምነት የመጣ አይደለም። ባርባራ ሮልስ የተባሉት ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1981 እንዳሳዩት፣ ሰው አንድ ምግብ በልቶ ሲጠግብ የዚያ ምግብ ጣዕም ይቀንስበታል፣ ያልቀመሰው ሌላ ምግብ ግን ማራኪነቱ ብዙም አይቀንስም። ጨው ጨው ያለውን የጠገበ ሰው ለጣፋጩ ቦታ የሚያገኘው በዚህ ምክንያት ነው። ሁላችንም የተሠራነው እንዲህ ነው፤ ፈራጆቹም ጭምር።

አንድ ነገር ደግሞ መናገር አለብኝ። ከስድስታችን አንዱ የስኳር ሕመም አለበት። ጣፋጭ ሲመጣ እሱ ያለ ስኳር ሻይ ያዛል። በዓመታት ውስጥ አንድም ቀን በማንም ሳህን ላይ ቃል ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። ያዘዝነው ሲደርስ፣ «ቅመሱና ንገሩኝ፣ ምን ምን ይላል?» ይላል፤ እኛም እንነግረዋለን፣ ስለ ቫኒላው፣ ስለ ለውዙ፣ ስለ ቅርፊቱ መሰባበር። እሱም እየሰማ ይደሰታል። ከእኛ ሁሉ ስለ ስኳር ክፋት ለመናገር መብት ያለው እሱ ነበር። ያን ቅዳሜም እኔ ዝም ስል የተናገረላት እሱ ነው፤ ወደ እሷ ዘንበል ብሎ፣ «ብዪው እንጂ፣ ምን ምን እንደሚል አልነገርሽኝም» አላት። ጭንቅላቷን ነቀነቀች። ሳህኑ እንደ ተቆረሰ ተነሣ።

ስለዚህ እባካችሁ፣ የምትበሉ ብሉ፣ የማትበሉ አትብሉ። የማትበላ ጓደኛ ስታይ ደግሞ አንተም «ቅመሺ፣ አንድ ማንኪያ ምን ይላል» እያልህ አትነዝንዛት፤ እሱም ያው ሌላው ጫና ነው። የማትበላበት ምክንያት ሊኖር ይችላል፣ ላይኖርም ይችላል፤ ሊነገርህ አይገባም። ስለ ራሳችሁ ገላ የምታማርሩትንም ተዉት። «እኔ እኮ እንዴት አስጠላሁ» ስትዪ ካንቺ የምትበልጥ ክብደት ያላት ጓደኛሽ ከጎንሽ ተቀምጣ ትሰማለች። ምን የምታስብ ይመስልሻል? አንቺ ካስጠላሽ እሷ ምን ልትሆን ነው? ይህን ነገር የሚናገሩት ብዙዎቹ ክፉ ሰዎች እንዳልሆኑ አውቃለሁ። ያቺም ጓደኛዬ ክፉ አይደለችም፤ ምናልባት ቤቷ ውስጥ ልጅ እያለች በየማዕዱ እንዲህ ሲባልባት ኖራ ይሆናል። ለዚህ አዝናለሁ። ግን የደረሰባትን ለሌላዋ ስታወርሰው ዝም ብዬ የማይበት ጊዜ አብቅቷል። ማክሰኞ ዕለት ደውዬ ይህንኑ ነገርኳት። መጀመሪያ «ለእሷው አስቤ ነው» አለችኝ፤ ከዚያ ረጅም ጊዜ ዝም አለች፤ በመጨረሻ ስልኩን ዘጋችው። እስካሁን አልተነጋገርንም።

ትናንት ማታ ደግሞ ለዚያች ለደከመችው ጓደኛችን ደወልኩ። በሚቀጥለው ቅዳሜ እንገናኝ፣ አንቺ ቦታውን ምረጪ አልኳት። እስካሁን ለመውጣት ስንጠራት የምትጠይቀው «ስንት ሰዓት?» ብላ ብቻ ነበር።

«ማን ማን ይመጣል?» አለችኝ።