ማስተማር ከጥበብ መውጣት አይደለም

«ሠዓሊ ወደ ማስተማር ሲዞር የራሱ ሥራ ያበቃለታል» የሚል አንድ ጽሑፍ አንብቤ ሐሳቡ አልተዋጠልኝም። አለ ፈለገ ሰላምን እንውሰድ። ቺካጎ ተምረው የተመለሱ ሠዓሊ ነበሩ፤ ሸራቸውን ወጥረው ለራሳቸው ስም ብቻ መኖር ይችሉ ነበር። እርሳቸው ግን በ1950 ዓ.ም. የአዲስ አበባን የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አቋቁመው ለዓመታት መሩት። ከዚያ ግቢ የወጡትን ሠዓሊዎች ከታሪካችን ብንቀንስ ምን ይቀረናል?

ሠዓሊው እስክንድር ቦጎሲያንም ሥራው በኒውዮርክ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ገብቶለት ሳለ በአሜሪካው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ዓመታት አስተምሯል። በዋሽንግተን የኢትዮጵያ ኤምባሲ ግድግዳ ላይ ያለውን ትልቅ የአሉሚኒየም ሥራ የሠራው ከማን ጋር ነው? እዚያው ሃዋርድ ከተማረችው ከከበደች ተክለአብ ጋር! ታዲያ የቱ ላይ ነው ያበቃለት?

እኔን ሥዕል ያስተማሩኝ መምህር የተማሪን መስመር በእጃቸው ነክተው አያውቁም። በወረቀቱ ጠርዝ ላይ በቀጭን እርሳስ ትንሽ መዳፍ ይስሉና «አውራ ጣቱ ከየት እንደሚነሣ ተመልከት» ብለው ወደሚቀጥለው ልጅ ያልፋሉ። ስሕተቱን ፈልጎ ማረሙ የእኔ ሥራ ነበር። እንዲህ ያለውን ትዕግሥት ጥበቡ ከነጠፈበት ሰው ማን ያገኛል?

በአንድ ነገር ግን ከጸሐፊው ጋር እስማማለሁ፤ ማስተማር ጊዜ ይበላል፣ ክፍያውም አያወላዳም። ስለዚህ ጋለሪዎችና ባለሀብቶች ለሚያስተምሩ ሠዓሊዎች ቢያንስ በክረምት የመሥሪያ ቦታና ቀለም ይስጧቸው።