እማማ፣ ትንሽ ወደ ጎን

ባለፈው ሳምንት ሐዋሳ ላይ፣ ሐይቁ ዳር ካሉት ሆቴሎች በአንዱ፣ ስለ አየር ንብረት ፍትህ ለሁለት ቀን ሠለጠንን። ርዕሱ ባነሩ ላይ ሦስት መስመር ፈጅቷል። በአጭሩ፣ ቅኝ ግዛትና ዘረኝነት ከአየር ንብረት ለውጥ ጋር ስላላቸው ዝምድና ነው። እኔ አስተርጓሚ ነበርኩ። ምን እንደተረጎምኩ ቆይቼ እነግራችኋለሁ። መጀመሪያ ምስጋና።

ወንበር አንሺዎች ይመስገኑ። ታውቋቸዋላችሁ። ፈረንጅ በር ላይ ብቅ ሲል ከየት እንደመጡ ሳይታወቅ ይደርሳሉ። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ጀምሮ ፊት የተቀመጡት ገበሬዎች «እስቲ ወደ ኋላ ጠጋ በሉ» ይባላሉ። እንግዳው «ኧረ እኔ ከኋላ እሆናለሁ» ቢልም የሚሰማው የለም። በግድ ይከበራል።

ከዚያ የኛው ልጅ መድረክ ላይ ወጣ። አንገቱ ላይ አምና የተካፈለበት የውጭ ጉባኤ ባጅ ተንጠልጥሏል። (ተኝቶም አያወልቀውም መሰለኝ።) የቅኝ ግዛትን አስተሳሰብ ከጭንቅላታችን እንድናወጣ አጥብቆ አሳሰበን። በእንግሊዝኛ። ለሲዳማ ገበሬዎች። ልተርጉም ወይ ብዬ ስጠይቀው «ሰዓት የለንም፣ ዋና ዋናውን ሻይ ላይ ትነግራቸዋለህ» አለኝ። ከሰዓት አንድ ተሳታፊ ተነስቶ «ይሄ ነገር እኛን አይመለከትም፣ እኛ በ1888 አድዋ ላይ ጨርሰነዋል» ሲል ጭብጨባው ቀለጠ። ሰውዬው ጠዋት ወንበር ሲያነሳ የነበረው ነው።

የኔ ጀግኖች ግን ፎቶ አስነሺዎቹ ናቸው።

ፊት ተቀምጠው ከተነሱት መካከል አንዲት እናት ነበሩ። እማማ እንበላቸው። ጓሯቸው እንሰት ነው፤ በእንሰቱ መሐል ቡና፣ ከቡናው በላይ ዋንዛ። ሐዋሳ ላይ ደግሞ «አግሮፎረስትሪ» የሚባል አዲስ አሠራር ተማሩ። ዛፍና ሰብል አንድ ላይ ይተከላል፣ አይገርምም? ከሐዋሳ ትንሽ ወደ ደቡብ ወረድ ሲባል የጌዴኦ ሰው ይህንኑ ሲኖርበት ዘመናት አልፈዋል። ዩኔስኮም በ2023 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ሰርተፊኬት ግን አልነበረውም።

የተረጎምኩት አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፤ «የካርቦን አሻራዎን ይቀንሱ»። እማማ አውራ ጣታቸውን አዩት። ጠዋት አበል ላይ ሲፈርሙ የነካቸው ሰማያዊ ቀለም ገና አልለቀቀም። «ይሄን?» አሉ። አንድ አሜሪካዊ በዓመት 14 ቶን ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል፤ አንድ ኢትዮጵያዊ ሩብ ቶን እንኳን አይሞላም። እማማ ከዚህ ላይ ይቀንሱ!

ወደ ፎቶው። ሁላችንም ሐይቁ ዳር ተደረደርን። እማማ መሐል ቆሙ። እጃቸው ላይ ኮባ አለ። «እማማ፣ ትንሽ ወደ ጎን፣ ባነሩን ጋረዱት።» ተጠጉ። «አሁን ደግሞ ሎጎውን ሸፈኑት።» ደግሞ ተጠጉ። «ጥላዎ እንግዳዋ ላይ አረፈ።» ከነጥላቸው ተጠጉ። ከዚያ አንዱ ብልህ፣ ኮባው እንግዳዋ እጅ ላይ ቢሆን እንደሚያምር ታየው። ኮባው ሄደ። «ፀሐዩን እንዳይከልሉ።» «ሻሽዎ ከባነሩ ቀለም ጋር ተጋጨ።» «ትንሽ፣ ትንሽ ብቻ።» እማማ በትንሽ በትንሹ አባ ኮዳው የቆመበት ድረስ ደረሱ። ወፉም እንደ እማማ ሲጠብቅ ነው የዋለው፣ የዓሣ አንጀት። ፎቶው ማታ ተለጠፈ። አባ ኮዳው አለ፣ በሙሉ ቁመናው። ከእማማ የቀረው ክርናቸው ነው። ከላይ «ድምፅ ለሌላቸው ድምፅ እንሁን» ተብሎ ተጽፏል።

ጥበቡ ዓለም አቀፍ ነው። ጃንዋሪ 2020 እ.ኤ.አ. ዳቮስ ላይ ኡጋንዳዊቷ የአየር ንብረት ተሟጋች ቫኔሳ ናካቴ ግሬታ ቱንበርግን ጨምሮ ከአራት ነጭ ወጣት ተሟጋቾች ጋር ፎቶ ተነሳች። የወጣው ፎቶ ላይ አራቱ አሉ፣ እሷ ተቆርጣለች። ከጀርባዋ ያለው ሕንጻ ይረብሻል ተባለ። እዚያ ሕንጻ፣ እዚህ ባነር። ልዩነቱ፣ እሷን የቆረጣት ሌላ ነው። እኛ ራሳችን ራሳችንን እንቆርጣለን፤ ወጪ ይቆጥባል።

ቀልዱ እዚህ ላይ ይቁም። ቦረና ላይ ዝናቡ አምስት ወቅት ተከታትሎ ቀረ። የአየር ንብረት ለውጥ ያባባሰው ድርቅ ነው። ከብቱ አለቀ። ዕድሜውን ሙሉ ሌላውን ወተት ያጠጣ ሰው ራሽን ተሰልፎ ጠበቀ። ሀብታሞቹ አገሮች ኮፐንሀገን ጉባኤ ላይ በ2009 እ.ኤ.አ. ለድሃ አገሮች የአየር ንብረት ወጪ «እስከ 2020 በዓመት 100 ቢሊዮን ዶላር» ብለው ቃል ገቡ። በራሳቸው ሒሳብ እንኳን የሞላው በ2022 ነው። ከመንግሥታት የመጣው ገንዘብ ደግሞ አብዛኛው ብድር ነው። ቤቴን አቃጥሎ ውኃ በዱቤ ይሰጠኛል? እና ሁለት ቀን ሙሉ አንድም ስላይድ ላይ «ካሳ» የሚል ቃል የለም! «ድጋፍ» ነው የሚለው። አመስጋኞች እንድንሆንበት።

እሺ፣ ወደ ምስጋናዬ።

ሲያልቅ እማማን ባጃጅ ላሳፍራቸው ወጣሁ። «ልጄ፣ ያ ልጅ ሁለት ቀን ስለ ማን ነው ሲያወራ የነበረው?» አሉኝ።

«ስለ እርስዎ» አልኩ።

«ውይ! ምን አለ?»

ሻይ ሰዓት ካለፈ ቆይቷል። የባጃጁ ልጅ «እንሂድ እንጂ» እያለ ይነጫነጫል። እማማ ወደ እጄ አዩ። ወንበሩን ያነሳው ሌላ ነው፤ ኮባውን ከእጃቸው የተቀበልኩት ግን እኔ ነኝ።

«ኮባዬስ?» አሉኝ። «ልጄ ዳቦ ልትጋግርበት እየጠበቀች ነው።»