ለ ይጠብቃል!

እባካችሁ፣ በየመስኮቱ ተቀምጣችሁ የሰው ስም ከወረቀት ላይ የምትጠሩ ሁሉ፣ ዛሬ ተናድጃለሁና አንብቡልኝ። የልጄ ስም አለ ነው። ለ ይጠብቃል። «አባትህ ቤት አለ?» ስትሉ እንደምትጠሩት ነው እንጂ «አባትህ ምን አለ?» ስትሉ እንደምትጠሩት አይደለም። ልጁ አራተኛ ዓመቱን ይዟል፤ እስካሁን ከዘመድ ውጭ ስሙን ካርድ ላይ አይቶ በትክክል የጠራው ሰው ትዝ አይለኝም።

ስሙን ከባሕር ማዶ አላመጣሁትም። የእናቴ አባት ስም ነው። ከእሱ በፊት የተወለዱት ሕፃናት አልበረከቱም ነበርና እሱ ሲተርፍ እናቱ ስሙን «አለ» አለችው። (ይኸው፣ ሁለቱም አጠራሮች ተከታትለው መጡ፤ ሳትደናቀፉ አነበባችኋቸው አይደል?) ካሳ፣ ምትኩ፣ ማስረሻ እየተባለ ስም በሚወጣበት አገር ይህ ምን እንግዳ ነገር አለው? ሠዓሊው አለ ፈለገ ሰላምስ? አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያለው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት በስማቸው ይጠራ የለ? አያቴ ዕድሜውን ሙሉ ከሐይቅ ደሴ ሰኞ ገበያ ሲመላለስ ስሙን ያበላሸበት ሰው አልነበረም። ሰው ስሙን የሚሰማው ከራሱ ከአያቴ አፍ ነበርና። የእኔ ልጅ ግን ሰው ሳያየው በፊት ካርዱ ይታያል።

የአባቱ ስም ደግሞ ነገሩን አባሰው። ባለቤቴ ሰይድ ይባላል። (ወሎ ነው፤ እናቴ ሁዳዴን፣ አማቴ ረመዳንን ይጾማሉ፤ የልጁ ስም ሲወጣ ሁለቱም መርቀዋል።) እንግዲህ «አለ ሰይድ»ን አላልታችሁ ጥሩት። ሰይድ ተረት ተርቶ የጨረሰ አይመስልም? ልክ «አለ ያገሬ ሰው» እንደሚባለው። ለ45 ቀን ክትባቱ በወሰድሁት ጊዜ ካርድ የምትጠራው ልጅ «አለ ሰይድ!» ብላ ስትጮህ፣ አጠገቤ የተቀመጡ እናት ቀበል አድርገው «ምን አለ ደግሞ?» አሏት። ወረፋ የሚጠብቀው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ያኔ ገና አዲስ ነበርሁ።

መዋለ ሕፃናት ከገባ ወዲህስ? መምህርቱ ተነግሯት አሁን በትክክል ትጠራዋለች፤ እግዜር ይስጣት። እሷ «አለ» ስትል ክፍሉ በሙሉ በአንድ ድምፅ «አለ!» ይላል። ጉንፋን ይዞት የቀረ ቀን ደግሞ «አለ የለም» ይባላል። ይህ አያናድደኝም፤ እንዲያውም ማታ ማታ ለአባቱ እየነገርሁት እንስቃለን።

የሚያናድደኝ ሌላ ነው። ስታርማቸው የሚመጣው ፊት! «ይቅርታ፣ ለ ይጠብቃል» ስል፣ ጥፋቱ የእኔ እንደሆነ ሁሉ «ታዲያ አስተካክለሽ አትጽፊውም?» ይሉኛል። ምን አድርጌ ልጻፈው? ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም። «ሰፊ» ብዬ ብጽፍ ልብስ ሰፊውም ሰፊው ሜዳም ያው ነው፤ የሚለየው ከፊትና ከኋላ ባለው ቃል ነው። ስም ግን ካርድ ላይ ብቻውን ነው የሚቆመው፤ ምን ይደግፈው?

መፍትሔ ጠፍቶም አይደለም። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» በሚጠብቁት ፊደላት አናት ላይ ነጥብ አድርገው ነበር። ማን ተከተላቸው? ዩኒኮድ የሚባለው የኮምፒውተር የፊደላት መዝገብም በፈረንጆቹ ከ2005 ጀምሮ ለግእዝ ፊደል የማጥበቂያ ምልክት አለው፤ ከፊደሉ በላይ የሚቀመጡ ሁለት ነጥቦች ናቸው። በስልኬ ሰሌዳ ላይ ፈልጌ አጣሁት። በእጄ ቅጽ ላይ ብጨምረው ደግሞ ጸሐፊው የቀለም ጠብታ መስሎት ይዘለዋል።

ከሁሉ የከፋው የልደት ምስክር ወረቀቱ ነው። ልደት በ90 ቀናት ውስጥ ይመዝገብ ይባላልና ተጣድፈን ሄድን። ወረቀቱ ስሙን በእንግሊዝኛም ይይዛል፤ እዚያ ላይ እንኳ ይዳናል ብዬ ነበር፣ የላቲን ፊደል ማጥበቅ ያውቅበታልና። ጸሐፊው አንድ ኤል ብቻ ጻፈ። «ሁለት ኤል አድርገው» ብለው «ልማዱ አንድ ነው» አለኝ። በአንድ ኤል ሲጻፍ በእንግሊዝኛ የቢራ ዓይነት ስም ነው! ረመዳን የሚጾሙት አማቴ የልጅ ልጃቸው በመንግሥት ማኅተም ቢራ መባሉን እስካሁን አልሰሙም፤ የሚነግራቸው ሰው ወዮለት። ደግሞ እኮ ከዚያው ወረቀት ላይ ደሴ በሁለት ኤስ ተጽፋለች! ለከተማዋ ሁለት የተፈቀደ ለልጄ ለምን ተነፈገ? ማሳረሙ ሌላ ሰልፍ ነው።

መካሪዎቼም በዝተዋል። አንዷ «አለልኝ በሉትና ተገላገሉ» ትለኛለች፤ ሌላው «ትልቅ ሲሆን ራሱ ይቀይረዋል» ይላል። ለምን ይቀይር? «ይጠብቃል ወይስ ይላላል?» ብሎ መጠየቅ ስንት ደቂቃ ይፈጃል? ሰው የማያውቀውን መንደር ስም እንኳ ጠይቆ ነው የሚጠራው። ልጄ ራሱ መልሱን ያውቃል፤ በዚያ ሰሞን መናፈሻ አካባቢ አንድ ሰውዬ ስሙን ጠይቆት አላልቶ ሲደግምለት፣ ከንፈሩን ጥርቅም አድርጎ «አል-ለ!» አለው፤ የአስተማሪ ቁጣ ነበረው።

አሁን ሁለተኛዋ በታኅሣሥ መጨረሻ ትጠበቃለች። እናቴም ከወዲሁ ስም መርጣላታለች፤ በዓሉ ላይ ስለምትወለድ ገና ትባል ብላለች። ነ ይጠብቃል። ካርድ ክፍሉ ውስጥ «ገና ሰይድ!» ተብሎ ላልቶ ሲጠራ፣ ሰይድ ገና ነው የሚሉኝን ሰዎች ከአሁኑ ሰማኋቸው። እናቴን አከብራታለሁ፤ ግን እምቢ ብያለሁ።